ኢ-መጽሐፍ ተቆልፎ ይሸጥ ወይስ ሳይቆለፍ?

ባሕር ዳር ሆኖ መጽሐፉን በስልክ በሚነበብ ፋይል ለመሸጥ የሚያስብ ደራሲ አንድ ስጋት አለበት፤ ፋይሉ በማግስቱ ቴሌግራም ላይ ቢለቀቅስ? የዓመታት ድካም ነውና ስጋቱ ተገቢ ነው። መቆለፍ ማለት ገዢው ፋይሉን ቀድቶ ለሌላ እንዳያስተላልፍ በቴክኖሎጂ ማገድ ነው።

ወጪ
የተቆለፈ፦ የራስን መተግበሪያ ማሠራት ውድ ነው። አማዞን ላይ ግን መጽሐፉን ሲጭኑ ቁልፉን መምረጥ ይቻላል።
ያልተቆለፈ፦ ፋይሉና የቴሌብር ቁጥር ይበቃል።

ምቾት
የተቆለፈ፦ ሻጩ ከዘጋ መጽሐፉም ይሄዳል። ማይክሮሶፍት በ2019 እ.ኤ.አ. የመጻሕፍት መደብሩን ሲዘጋ ለገዢዎች ገንዘብ መለሰ፤ መጻሕፍቱ ግን ጠፉ።
ያልተቆለፈ፦ ስልክ ቢቀየርም ይከፈታል።

ስርቆት
ዋናው ጉዳይ ይህ ነው። ቁልፍ የሚያግደው ለጓደኛው ሊልክ የሚሞክረውን ተራ አንባቢ ነው። ሆን ብሎ የሚሰርቅ ሰው ቁልፉን የሚሰብር ፕሮግራም አያጣም፤ ካጣም የታተመውን ቅጂ ገጽ በገጽ በስልኩ ያነሣል። ቶር የተባለው የሳይንስ ልብወለድ አሳታሚ በ2012 እ.ኤ.አ. ቁልፉን አንሥቶ፣ ከዓመት በኋላ ስርቆት ጎልቶ እንዳልጨመረ ተናግሯል። በእርግጥ የእነሱ አንባቢ በካርድ በቀላሉ ይከፍላል፤ የእኛ ገበያ ሌላ ነው። የቅጂ መብት አዋጁ፣ ቁጥር 410/1996፣ ለተቆለፈውም ላልተቆለፈውም እኩል ይሠራል።

ለማን የቱ?
ለባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የፔዳና የፖሊ ካምፓስ ተማሪዎች የተዘጋጀ ማጣቀሻ ከሆነ ቁልፍ ይሻላል፤ አንዱ ገዝቶ ክፍሉ በሙሉ ይቀባበለዋልና። ስሙ ገና ላልታወቀ ገጣሚ ወይም ልብወለድ ጸሐፊ ግን ሳይቆልፍ፣ በየገጹ ግርጌ የገዢውን ስም አትሞ ቢሸጥ እመርጣለሁ።