ዶርም፣ ኪራይ ወይስ ዘመድ ቤት? ጎንደር ለደረሰው የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ

ምደባ በወጣ ሳምንት ስልኬ አያርፍም። «ልጄ ጎንደር ደርሶታል፤ እናትህ ጋ አንድ ክፍል አትገኝም?» የሚል ወላጅ ከየቦታው ይደውላል። እናቴ ማራኪ አካባቢ ግቢያችን ውስጥ ሦስት ሰርቪስ ክፍል ለተማሪ ታከራያለች። ለኔ የሚበጀኝ «አለ፣ ይምጣ» ማለት ነበር። የምመልሰው ግን ሌላ ነው። መጀመሪያ ዶርሙን ይያዝ። አንድ ሴሚስተር ይኑርበት። ከዚያ እንነጋገራለን።

እኔ የጎንደር ልጅ ብሆንም የተመደብኩት ሩቅ፣ ሌላ ክልል ነበር። ሁለት ዓመት ዶርም ኖሬ ሦስተኛው ላይ ወጥቼ ተከራየሁ። አሁን ደግሞ የአከራይ ልጅ ነኝ። የዶርሙንም፣ የተከራዩንም፣ የአከራዩንም ሮሮ አውቀዋለሁ።

ለዶርም ማመልከት የሚባለው ነገር

ውጭ አገር ዘመድ ካላችሁ «ለዶርም አመለከታችሁ?» እያለ ያስጨንቃችኋል። እዚያ ብዙ ጊዜ ተማሪው ራሱ ፎርም ሞልቶ፣ ክፍል መርጦ፣ ማስያዣ ከፍሎ ነው የሚያገኘው። እኛ ጋ ወደ መንግሥት ዩኒቨርሲቲ የሚመድበው ትምህርት ሚኒስቴር ነው። ዩኒቨርሲቲው ጥሪ ያወጣል፣ በተባለው ቀን ሄዳችሁ ትመዘገባላችሁ፣ ዶርሙ ከምዝገባው ጋር ይመጣል። ብሎክና የክፍል ቁጥር ይነገራችኋል። ከማን ጋር እንደምትኖሩ አትመርጡም።

ስለዚህ ማመልከቻ የምትሉት በተግባር ወረቀት ማሟላት ነው። የ8ኛ ክፍል ሚኒስትሪ ሰርተፍኬት፣ የ12ኛ ክፍል ውጤት፣ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ያለው ትራንስክሪፕት፤ ዋናውም ኮፒውም። ጉርድ ፎቶ። አንሶላ፣ ብርድ ልብስ፣ የትራስ ልብስ፣ የስፖርት ትጥቅ። ጥሪው ላይ የሚጻፈው በየዓመቱ ይህን ይመስላል። ብርድ ልብሱን አትናቁት። ጎንደር ከባሕር ጠለል ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ከተማ ናት። ከመተማ ወይም ከጋምቤላ የመጣ ልጅ የታኅሣሥን ሌሊት በስስ አልጋ ልብስ አይችለውም። ከቤት መሸከም ከከበዳችሁ ቅዳሜ ገበያ ሄዳችሁ ተከራክራችሁ ግዙ።

የማታ ተማሪና የግል ኮሌጅ ተማሪ ዶርም አይጠብቅ። የሱ ምርጫ ከኪራይና ከዘመድ ቤት ነው።

ግቢያችሁን ሳታውቁ ብር አታውጡ

ጎንደር ዩኒቨርሲቲ በ1954 እ.ኤ.አ. ሲጀመር የጤና ኮሌጅ ነበር። ዛሬ በከተማው ተበታትኖ ነው ያለው። ማራኪ አለ፣ አፄ ቴዎድሮስ አለ፣ አፄ ፋሲል አለ፣ ሆስፒታሉ ጋ ያለው የጤና ሳይንስ ግቢ አለ፣ ጠዳ አለ። ጠዳ አዘዞንም አልፎ በባሕር ዳር መንገድ ነው። ፒያሳ ላይ ቆሞ «ቅርብ ነው» የሚላችሁን ደላላ አትስሙት።

አንድ አባት ምዝገባው ሁለት ሳምንት ሲቀረው መጥቶ ለሴት ልጁ እኛ ጋ የሁለት ወር ከፍሎ ሄደ። ልጅቷ የደረሳት ግቢ ሌላ ጫፍ ሆነ። በቀን ሁለት ጊዜ ባጃጅ፣ ያውም እየቀያየረች። እናቴ አንጀቷ አልችል ብሎ የቀረውን ብር መለሰችላት። ሁሉም አከራይ እንዲህ አያደርግም። ደላላውማ ኮሚሽኑን በልቶ ጨርሶታል።

ዶርም የተሰጣችሁ በምትማሩበት ግቢ ውስጥ ከሆነ ይህ ሁሉ ጣጣ የለም። ከአልጋ ወርዶ ክፍል መግባት ነው። ዝናብ በሚያስመርርበት ወር ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ብሩን በወረቀት ላይ አስሉት

ዶርም ነፃ ይመስላል። ነፃ አይደለም፣ ዱቤ ነው። የወጪ መጋራት ውል ስትፈርሙ ከትምህርቱ ወጪ 15 በመቶውን፣ የምግቡንና የመኝታውን ደግሞ ሙሉውን ተመርቃችሁ ሥራ ስትይዙ ልትከፍሉ ነው የምትስማሙት። ውሉ ላይ ምግብና መኝታውን በዓይነት ወይስ በጥሬ ገንዘብ እንደምትፈልጉ የሚሞላ ቦታ አለ። አብዛኛው ፍሬሽ ጎኑ የተቀመጠው ልጅ የሞላውን አይቶ ይሞላል። እኔም እንደዚያ ነበር ያደረግሁት። እናንተ ግን አንብቡት። በኋላ ዶርም ከለቀቃችሁም ለተማሪዎች አገልግሎት በጽሑፍ አሳውቁ፣ ኮፒውን ያዙ። ያላደራችሁበት አልጋ ዕዳ ሆኖ እንዳይጠብቃችሁ።

ምግቡም ከዚሁ ጋር ይታያል። የተማሪ የቀን ምግብ በጀት ከ22 ብር ወደ 100 ብር ያደገው በ2017 ዓ.ም. ነው። በወር 3,000 ማለት ነው። ነን ካፌ የሚሆን ልጅ ካፌ መብላቱን ትቶ ምግቡን በብር ይወስዳል። ሲሰሙት ደስ ይላል። አሁን ከግቢው በር ፊት ለፊት ያለች ምግብ ቤት ግቡና የአንድ ሽሮ ዋጋ ጠይቁ። በ60 አባዙት፤ ምሳና እራት ለ30 ቀን። ቁርስ ገና አልገባም። ነን ካፌ የሚያዋጣው ሦስት አራት ሆነው እያዋጡ ለሚያበስሉ ነው እንጂ ለብቻው ምግብ ቤት ለሚቀመጥ አይደለም። የካፌው ሽሮ ቀጭን ነው፣ እሱን አልክድም። ግን አይቀርም።

ወደ ኪራይ እንምጣ። ለሒሳብ እንዲመች አንዲት ክፍል በወር 3,000 ብር ናት እንበል። (የእናቴን ዋጋ እዚህ አልጽፍም፣ ትቆጣኛለች።) ለሁለት ሲካፈሏት 1,500 ሆነች። አላለቀም። ፍራሽ ትገዛላችሁ። ጄሪካን፣ ባልዲ፣ ድስት፣ ምድጃ። መብራቱ በጋራ ቆጣሪ ከሆነ ማን ስንት እንደተጠቀመ በየወሩ ንትርክ ነው። ክረምት ወደ ቤት ስትሄዱ ደግሞ ቤቱን ካልለቀቃችሁ ኪራዩ ይቆጥራል። ከለቀቃችሁ ዕቃችሁን የት ታኖራላችሁ? በመስከረም ያንኑ ቤት ማግኘታችሁስ?

በቅድመ ክፍያ አትታለሉ። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ቅድመ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ መብለጥ የለበትም ይላል። ውሉም በጽሑፍ ሆኖ ይመዘገባል፣ ከሁለት ዓመትም ማነስ የለበትም። አዋጁ በየትኛው ከተማ እንደሚሠራ ክልሎች የሚወስኑት ስለሆነ ጎንደር ላይ ያለውን ሁኔታ ክፍለ ከተማው ጋ ጠይቁ። በቃል ብቻ ተስማምቶ ብር መስጠት ግን አዋጁ ኖረም አልኖረም ሞኝነት ነው። በትንሽ ወረቀት ላይም ቢሆን ይጻፍ።

ውሃ

ይህን ለብቻው ያስቀመጥኩት ምክንያት አለኝ። ሌላ ከተማ ቤት የሚያይ ሰው ዋጋውን፣ ከዚያ መስኮቱን ይጠይቃል። ጎንደር ላይ መጀመሪያ የሚጠየቀው ውሃው ነው።

ለብዙ ዓመታት ከተማዋ የኖረችው በአንገረብ ግድብ ውሃ ነው። ሕዝቡ በዛ፣ ቤቱ በዛ፣ ውሃው ግን በዚያ ልክ አላደገም። ስለዚህ ቧንቧው በፈረቃ ነው። ከፍ ያለ ቦታ ላይ ያለ ቤት ደግሞ ፈረቃው ቢደርሰውም ግፊት አጥሮት ጠብ ጠብ ሊልበት ይችላል።

እኛ ግቢ ውሃ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ሌሊት ነው። እናቴ ቧንቧውን ትንሽ ከፍታ ሥሩ ባዶ ባልዲ አስቀምጣ ትተኛለች። ውሃው ሲመጣ ባልዲው ይጮኻል። «ተነሱ!» ትላለች፣ ግቢው በሙሉ ጄሪካን ይዞ ይወጣል። አንድ ጊዜ የሒሳብ ፈተና የነበረበት ልጅ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ እስኪነጋ ተራ ሲጠብቅ አደረ። ፈተናውን እንዴት እንደሠራው አልጠየቅሁትም። ፊቱ ይናገር ነበር።

ቤት ስታዩ እንግዲህ ሮቶ አለው ወይ ብላችሁ ጀምሩ። ካለው ስንት ሊትር ነው? ስንት ተከራይ ይጠቀምበታል? ቁልፉ ማን ጋ ነው? ልብስ ማጠብ ይፈቀዳል ወይስ በሳምንት አንድ ቀን ነው? ሽንት ቤቱ በውሃ የሚሠራ ከሆነ ውሃ ሲጠፋ ምን ይደረጋል? አከራዩ ፊት መጠየቅ ካሳፈራችሁ ተከራዩን ብቻውን አግኝታችሁ ጠይቁት። ሁሉንም ይነግራችኋል።

ዶርምም ውሃ ይጠፋል። ልዩነቱ፣ እዚያ ሲጠፋ የሺህ ተማሪ ችግር ስለሆነ አስተዳደሩ ይሯሯጣል። ሰርቪስ ቤት ሲጠፋ የእናንተና የባልዲያችሁ ጉዳይ ነው።

ጥናት፣ ጫጫታ፣ ሌሊት

ዶርም ውስጥ ጸጥታ አትፈልጉ። ተደራራቢ አልጋ ነው። አንዱ ያንኮራፋል፣ አንዱ ስልክ ያወራል፣ አንዱ ጎህ ሳይቀድ ለጸሎት ይነሳል። እኔ በተማርኩበት ግቢ ትኋኑ ለብቻው ታሪክ ነበረው። ስልክም ይሰረቃል። ለሎከራችሁ ጠንካራ ጓጉንቸር ከቤት ይዛችሁ ኑ፣ ርካሹን አትግዙ።

ግን የመጀመሪያ ዓመት ልጅ የሚያስፈልገው ጸጥታ ብቻ አይደለም። መምህሩ ክፍል እንደቀየረ፣ ፈተናው እንደተዘዋወረ፣ የድሮ ፈተናና ወርክሺት ማን ጋ እንዳለ የሚሰማው ዶርም ውስጥ ነው። ዲፓርትመንት የሚደርሳችሁ በመጀመሪያ ዓመት ውጤታችሁ ነውና ይህ ወሬ ዋጋ አለው። ለጸጥታው ላይብረሪ አለ።

ውጭ የሚኖር ልጅ ጸጥታ አለው፣ ላይብረሪ ግን አምሽቶ መቀመጥ አይችልም። አከራይ በር የምትዘጋበት ሰዓት አላት። እናቴ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ትዘጋለች፣ ከዚያ በኋላ ያንኳኳ ልጅ በነጋታው ምክር ይጠብቀዋል። የከተማው የማታ እንቅስቃሴም እንደየጊዜው ይጠብቃል ይላላል። ባጃጅ በጊዜ በሚገባበት ሰሞን ከላይብረሪ ወደ ቤት በእግር መሄድ፣ በተለይ ለሴት ልጅ፣ የሚመከር አይደለም።

ዘመድ ቤት

«አክስቱ እዚያው አለች፣ ምን አሳሰበህ?» ይባላል። ኪራይ የለም፣ ትኩስ እንጀራ አለ፣ ሲያምም የሚያይ ሰው አለ። በጀት ለጨነቀው ቤተሰብ ትልቅ እፎይታ ነው። ግን በዘመድ ቤት «እያጠናሁ ነው» ማለት ከባድ ነው። እንግዳ ሲመጣ ወንበር ያመጣል፣ ሱቅ ይላካል፣ ሕፃን ይይዛል። ሴት ልጅ ከሆነች ደግሞ ቡናው ሳይቀር የሷ ሆኖ ያርፋል። ማንም ክፉ ስለሆነ አይደለም፣ ቤት ስለሆነ ነው። ጥምቀት ሲደርስ አስቡት። ጥር 11ን ብሎ ከየአገሩ የሚመጣው ዘመድ ሁሉ እዚያው ቤት ያድራል። ያኔ ተማሪው ሳሎን ምንጣፍ ላይ ነው። ጥር የፈተና ወር ከሆነ እግዜር ይርዳው።

ጎንደር ግን አንድ መሐል መንገድ አላት። ዩኒቨርሲቲው አዲስ ገቢ ተማሪዎችን ከከተማው ቤተሰቦች ጋር የሚያገናኝበት የቃል ኪዳን ቤተሰብ የሚባል አሠራር አለ። ተማሪው ዶርም ያድራል፣ የበዓል ቀን የሚሄድበት ቤት ያገኛል። ሩቅ አገር ያላችሁ ወላጆች ስለዚህ ምዝገባ ላይ እንዲጠይቅ ለልጃችሁ ንገሩት። አክስት ለሌለውም ይሆናል።

ማን የት ይሻለዋል?

በአብዛኛው መልሴ ዶርም ነው፣ ቢያንስ ለአንድ ሴሚስተር። መድኃኒትና የተለየ ምግብ የሚያስፈልገው፣ ወይም ሕፃን የያዘች እናት ተማሪ፣ ከመጀመሪያውም ቤት ብትይዝ እፈርድላታለሁ። ሮቶ ያለው፣ ለግቢው ቅርብ የሆነ ቤት ካገኘች። አካል ጉዳት ያለበት ልጅ ዶርም ከመሸሹ በፊት ምዝገባ ላይ ይናገር፤ ምድር ቤትና የታችኛው አልጋ ይጠይቅ። ብሩ አለኝ፣ ጸጥታ ብቻ ነው የምፈልገው ለሚል ደግሞ ሁለተኛ ዓመት ይሻላል። ያኔ ዲፓርትመንቱንና ግቢውን ያውቃል፣ አብሮት የሚከራየውንም ጓደኛ ራሱ ይመርጣል።

ያ ሌሊቱን ውሃ ሲጠብቅ ያደረው ልጅ ሁለተኛው ሴሚስተር ላይ ዶርም ጠይቆ ተመለሰ። ቢጫ ጄሪካኑን እኛ ጋ ትቶት ሄደ። አልፎ አልፎ ቅዳሜ ቡና ሊጠጣ ብቅ ይላል። እናቴ ጄሪካኑን ውሰደው ብላው አታውቅም።