ሦስት ቅጂ በሦስት ማሽን፦ ሴፍን በሠርግ ቪዲዮ ቤት ስምንት ወር ከተጠቀምኩ በኋላ

በባሕር ዳር ከታላቅ ወንድሜ ጋር የሠርግና የምርቃት ቪዲዮ የምንሠራበት ትንሽ ስቱዲዮ አለን። እስከ አምና ድረስ ቀረጻችንን የምናስቀምጠው በየኤዲተሩ ጠረጴዛ ላይ በተደረደሩ የውጭ ሃርድ ዲስኮች ነበር፤ ከእነዚህ አንዱ የአንድ ሙሉ መልስ ቀረጻ እንደያዘ ተበላሸብን። መልስ ደግሞ ለካሜራ ተብሎ ዳግመኛ አይደገስም። የሙሽራዋን እናት ይቅርታ ለመጠየቅ ቤታቸው የሄድኩበትን ቀን አልረሳውም።

ከዚያ በኋላ፣ ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ፣ ሴፍ የተባለውን ነፃ ሶፍትዌር በሦስት ያገለገሉ ሰርቨሮች ላይ ጭነን እየሠራንበት ነው። ሴፍ፣ ሴጅ ዋይል በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳንታ ክሩዝ ለዶክትሬት ትምህርቱ የጀመረው ሥራ ሲሆን፣ መረጃን በብዙ ማሽኖች ላይ እያከፋፈለና እያባዛ ያስቀምጣል። በየሰርቨሩ ባለ 4 ቴራ ባይት አራት አራት ሃርድ ዲስኮች አሉን። ድምሩ 48 ቴራ ባይት ቢሆንም፣ እያንዳንዱ ፋይል በሦስቱም ማሽኖች ላይ ስለሚቀመጥ ለሥራ የሚተርፈን 16 ብቻ ነው። ዲስኮቹ 85 በመቶ ሲሞሉ ማስጠንቀቂያ ይጀምራል፣ 95 በመቶ ሲደርሱ ደግሞ መጻፍ ይከለክላል፤ ስለዚህ 13 ቴራ ባይት ላይ ስንደርስ ቦታ ማስለቀቅ አለብን። ወንድሜ ይህን ሂሳብ ሲሰማ፣ «ከከፈልነው ሁለት ሦስተኛው የት ገባ?» ብሎ ነበር።

እኔን ከቦታው ይልቅ ያስቸገረኝ የመጻፍ ፍጥነቱ ነው። አንድ ቀረጻ ወደ ሴፍ ሲላክ መጀመሪያ ዋና ሆኖ የተመደበው ዲስክ ይቀበለዋል፤ እሱም በሌሎቹ ሰርቨሮች ላይ ላሉት ሁለት ዲስኮች ያስተላልፋል፤ ሁለቱም መጻፋቸውን ሳያረጋግጡለት ለኤዲተሩ «ተቀምጧል» የሚል መልስ አይሰጥም። ስለሆነም የእያንዳንዱ መልስ ፍጥነት ከሦስቱ ዲስኮች የዘገየው የሚወስነው ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሦስት ሰርቨር ስላለን ሦስት እጥፍ እንፈጥናለን ብዬ መጠበቄ የዋህነት ነበር። ሦስቱም ማሽኖች የሁሉንም ፋይል ሙሉ ቅጂ እስከያዙ ድረስ፣ ስቱዲዮው በጠቅላላ የሚጽፈው አንዱ ማሽን በኔትወርክ ገመዱ መቀበል ከሚችለው ሊበልጥ አይችልም። የእኛ ገመድ የ1 ጊጋ ቢት ነበርና በተግባር በሰከንድ ከ110 ሜጋ ባይት ብዙም አያልፍም፤ 500 ጊጋ ባይት የሚሆን የሁለት ቀን ድግስ ቀረጻ ለመገልበጥ ከአንድ ሰዓት ከሩብ ያላነሰ ይፈጅ ነበር። ያገለገሉ የ10 ጊጋ ቢት የኔትወርክ ካርዶች አግኝተን ሰርቨሮቹን ያለ ስዊች (ያለ ማከፋፈያ ሳጥን) በቀጥታ እርስ በርስ ካገናኘናቸው፣ ኤዲተሮቹንም በሌላ መስመር ካስገባናቸው በኋላ ማነቆው ከኔትወርኩ ወደ ዲስኮቹ ተዛወረ።

በዚህኛው ላይ ብዙ ጊዜና ጥቂት የማይባል ገንዘብ አጥፍቻለሁ። ሴፍ ፋይሉን ብቻ ሳይሆን ስለ ፋይሉ የሚይዘውን መዝገብም ይጽፋል፤ መዝገቡ በዚያው ተሽከርካሪ ዲስክ ላይ ሲሆን የዲስኩ ራስ ከቦታ ቦታ ሲመላለስ ይውላል። መዝገቡን ለብቻው ወደ ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ክፍል ወደሌለው ፈጣን ዲስክ) ማዛወር እንደሚበጅ አንብቤ ስለነበር፣ ለላፕቶፕ የሚሸጡትን ርካሾቹን ገዛሁ፤ ለውጡ ግን እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። ምክንያቱን የተረዳሁት ዘግይቼ ነው። ሴፍ መረጃው በእርግጥ በቋሚው ክፍል ላይ መስፈሩን በየጊዜው ዲስኩን ይጠይቃል። ውድ በሆኑት የሰርቨር ኤስኤስዲዎች ውስጥ፣ መብራት ድንገት ቢጠፋ በእጃቸው ያለውን ጽፈው እስኪጨርሱ የሚያቆይ ካፓሲተር ስላለ፣ ወዲያው «አዎ» ቢሉም አይዋሹም። ካፓሲተር የሌላቸው ግን በእውነት ጽፈው እስኪጨርሱ ማስጠበቅ ግድ ይሆንባቸዋል። በኅዳር ያገለገሉ የሰርቨር ኤስኤስዲዎች ከአዲስ አበባ አስመጥተን ስንቀይራቸው ኤዲተሮቹ ሳልነግራቸው አወቁት። እስካሁን ካወጣነው ሁሉ፣ አስተማማኝነቱን ሳይነካ ፍጥነት የጨመረልን ይህ ወጪ ነው።

ጥር ሲመጣ ግን ያም አልበቃ አለ። ከጥምቀት እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ ቅዳሜና እሑድ ሠርግ፣ ከዚያ መልስና ቅልቅል፤ ሰኞ ጠዋት የየካሜራው ካርድ በአንድ ጊዜ ይመጣል። ወንድሜ ቅጂውን ወደ ሁለት እንድናወርደው ጠየቀኝ፤ ቦታውም ፍጥነቱም ስለሚጨምር ሐሳቡ ያለ ምክንያት አልነበረም። ችግሩ ከሁለቱ አንዱ ማሽን ሲወድቅ ነው። በዚያ ሰዓት አንድ ቅጂ ብቻ እያለ መጻፍ ይቀጥል ካልን፣ አዲሱ ቀረጻ ያለው በአንድ ዲስክ ላይ ብቻ ነው፤ እሱም ከተበላሸ የድሮው ታሪካችን ተደገመ ማለት ነው። አይቀጥል ካልን ደግሞ አንድ ሰርቨር በወደቀ ቁጥር ሥራ ይቆማል። በመጨረሻ ከካሜራ የወጣውን ቀረጻ በሦስት ቅጂ አስቀርተን፣ ለኤዲቲንግ የምናወጣቸውን ቀለል ያሉ ቅጂዎችና ጊዜያዊ ፋይሎች ባለ ሁለት ቅጂ በሆነ ሌላ ክፍል ውስጥ አደረግናቸው። እነዚህ ቢጠፉ ከዋናው ቀረጻ እንደገና ይወጣሉና የአንድ ቀን ሥራ እንጂ የሰው ትዝታ አይጠፋም።

ከፋሲካ በኋላ በአንዱ ሰኞ መብራት ጠፍቶ የአንደኛው ሰርቨር ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጊዜው ኃይል የሚሰጠው መሣሪያ) ባትሪው ደክሞ ስለነበር ማሽኑ በግልበጣ መሐል ወደቀ። ግልበጣው ለግማሽ ደቂቃ ያህል ቀጥ ብሎ ቆመ፤ ሴፍ የወደቀውን ከቆጠራ ካስወጣ በኋላ በሁለቱ ላይ ቀጠለ። ማሽኑ ሲመለስ ሁሉንም ከመጀመሪያው አልገለበጠም፤ በሌለበት የተለወጠውን ብቻ ነው የተቀበለው። ባለ ሁለት ቅጂው ክፍል ግን የተወሰኑ ፋይሎችን ለመጻፍ እምቢ ብሎ ስለነበር፣ ሁለት ኤዲተሮች እስከዚያው ቡና ሲጠጡ ቆዩ።

ሦስት ቅጂ ከሰው ስህተት እንደማያድን መጥቀስ አለብኝ። በመጋቢት አንድ ልጅ አንድ ፎልደር በስህተት ሲያጠፋ ከሦስቱም ማሽኖች በአንድ ጊዜ ነው የጠፋው። ያዳነን በየሳምንቱ ገልብጠን ከአባይ ማዶ በወንድሜ ቤት የምናስቀምጠው የውጭ ዲስክ ነው፤ ስለዚህ የሸሸነው የውጭ ዲስክ ሙሉ በሙሉ አልተሰናበተም።

የቀረን አንድ ጉድለት አለ። ከሦስቱ ሰርቨሮች አንዱ ጨርሶ ቢሞት፣ ሦስተኛው ቅጂ እንደገና የሚሠራበት ሌላ ማሽን የለም፤ ምትክ እስኪገዛ በሁለት ቅጂ መቆየት አለብን። አራተኛ ሰርቨር ቢጨመር ይህ ይቃለላል፤ በዚያ ላይ እያንዳንዱ ማሽን የሚቀበለው ከጠቅላላው ሦስት አራተኛውን ብቻ ስለሚሆን የመጻፍ ፍጥነቱም ከፍ ይላል። ወንድሜ ዋጋውን ጠይቆ፣ የግንቦት ሠርጎች ሂሳብ እስኪሰበሰብ እንድቆይ ነግሮኛል።