መኪናዬን ድንጋይ ላይ ላወጡልኝ ባለሙያ፦ ምስጋናና ጥቆማ

ሰላም ወዳጆች። ይህን የምጽፈው አንድ ባለሙያ ለማመስገንና ለእናንተም ለመጠቆም ነው። ብየዳውንም ሜካኒክነቱንም አሳምረው ያውቁታል። ስማቸው እዚህ እንዲወጣ አልፈለጉም፤ ስለዚህ እንደምጠራቸው ጋሼ እያልኩ እቀጥላለሁ። ስልካቸውን የሚፈልግ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፣ አስፈቅጄ እሰጣለሁ።

ሥራው ምን እንደነበር ልንገራችሁ። አሮጌ ቶዮታ ሃይሉክስ አለችኝ። ከፊትም ከኋላም አንድ ወጥ አክስል ያላት፣ በባሌስትራ (በተደራረቡ የብረት ምላሶች ስፕሪንግ) ላይ የተቀመጠች። ቶዮታ እ.ኤ.አ. በ1986 ለአሜሪካ ገበያ የሚሠራቸውን ፒክአፖች የፊት አክስል ቀይሮ እያንዳንዱ ጎማ ለብቻው እንዲንቀሳቀስ አደረገ። ለአስፋልት ጥሩ ነው። ድንጋይ ለሚወጣ ግን የድሮው ይሻላል። አንዱ ጎማ ወደ ላይ ሲገፋ ሌላውን ወደ ታች ይጫነዋል፣ ጠንካራ ነው፣ ለመጠገንም አያስቸግርም። እኔ ይህችን መኪና እዚሁ ግቢዬ ውስጥ አቋሟን ቀይሬ ቋጥኝ ላይ የምትሄድ ላደርጋት ፈለግሁ። የምችለውን እኔ እሠራለሁ፣ የማልችለውን ደግሞ የሚችል ሰው። እንዲህ ያለ ስምምነት የሚቀበል ባለሙያ ማግኘት ግን ቀላል አይደለም። አብዛኛው "ወይ መኪናውን አምጥተህ ተወው፣ ወይ ራስህ ቻለው" ነው የሚለው። ጋሼ መሣሪያቸውን ጭነው ቤት ድረስ መጡ።

እንደመጡ ሜትርና የእጅ ባትሪ ይዘው መኪናዋ ሥር ገቡ። ቆዩ። ሲወጡ የጠየቁኝ ስለ ጎማም ስለ ከፍታም አልነበረም። "ማርሹ ስንት ለስንት ነው?" አሉኝ።

ይህች ጥያቄ ናት እኚህን ሰው ያስወደደችኝ። ስለ ድንጋይ መኪና የሚያወራ ሰው ሁሉ የሚጀምረው ከትልቅ ጎማ ነው። ጎማ ይታያል፣ ፎቶ ላይ ያምራል። ማርሽ አይታይም። ጋሼ ወረቀት ላይ እየጻፉ አስረዱኝ። በእኔ መኪና አንደኛ ማርሽ 3.95 ነው፣ ሪዱታው (ከካምቢዮ ቀጥሎ ያለው ፍጥነት ቀንሶ ጉልበት የሚጨምረው ማርሽ) 2.28፣ ዲፈረንሻሉ (አክስሉ መሃል ያለው፣ ዙሩን ለሁለቱ ጎማ የሚያካፍለው) 4.10። ሦስቱ ሲባዙ ወደ 37 ይጠጋል። ሞተሩ 37 ጊዜ ሲዞር ጎማው አንዴ ይዞራል ማለት ነው። አሁን ባለ 37 ኢንች ጎማ እንግጠም እንበል። ሞተሩ ነዳጅ ሳይሰጠው በደቂቃ 800 ጊዜ እየዞረ፣ መኪናዋ በሰዓት 3.8 ኪሎ ሜትር ገደማ ትሄዳለች። አስፋልት ላይ ይህ ምንም አይደለም። ሾፌሩ ጎማውን የት እንደሚያሳርፍ መምረጥ ባለበት ቋጥኝ ላይ ግን ሩጫ ነው። ስለዚህ ሾፌሩ ፍሪሲዮን እየረገጠ ያዘገያታል፣ ፍሪሲዮኑ ይቃጠላል። ወይ ደግሞ ነዳጅ ሰጥቶ በጉልበት ያስዘልላታል፣ አንድ ነገር ይሰበራል።

ጎማው ሲተልቅ ነገሩ ይብሳል። ከ31 ኢንች ወደ 37 ሲኬድ ዙሪያው ወደ 19 በመቶ ያድጋል፤ ወደ 16 በመቶ ጉልበት ከማርሹ ላይ ተቀነሰ ማለት ነው። መፍትሔያቸው ሪዱታውን ወደ 4.70፣ ሁለቱንም ዲፈረንሻል ወደ 5.29 መቀየር ነበር። አሁን ብዜቱ 98 ሆኗል። በዚያው 800 ዙር መኪናዋ በሰዓት 1.5 ኪሎ ሜትር እንኳ አትሞላም። እግሬን ከፔዳሎቹ ላይ አንስቼ ድንጋዩን ስትወጣ መሪውን ብቻ እይዛለሁ። ጂፕ በእ.ኤ.አ. 2003 ሞዴል ራንግለር ሩቢኮን የተባለውን መኪና ሲያወጣ ከፋብሪካው ሪዱታውን 4 ለ 1 ያደረገውም ለዚሁ ነው።

ማርሹን መግዛት አንድ ነገር ነው፣ መግጠም ሌላ። ኮሮናና ፒኞን (ዲፈረንሻሉ ውስጥ የሚነካከሱት ትልቁና ትንሹ ጥርሳም ማርሽ) ዝም ብሎ በብሎን የሚታሰር ዕቃ አይደለም። ፒኞኑ ምን ያህል ወደ ውስጥ እንደሚገባ በቀጫጭን ቆርቆሮ ይለካል። በሁለቱ ጥርሶች መካከል የሚቀረው ክፍተትም የሚሊሜትር ክፍልፋይ ነው። ጋሼ ጥርሱ ላይ ቀለም ይቀቡና ያዞሩታል፤ ቀለሙ የተነካበትን ቦታ ያያሉ፤ ይፈቱታል፤ ቆርቆሮ ይጨምራሉ ወይ ይቀንሳሉ፤ እንደገና ይገጥማሉ። ከጎናቸው ተቀምጬ ሳይ በቃ ደህና ነው ያልኩትን ሁሉ እሳቸው ይፈቱት ነበር። አንዴ እንኳ "ይሄ ይበቃል" ሲሉ አልሰማሁም። በመጨረሻ ቀለሙ ጥርሱ መሃል ላይ ሲያርፍ ብቻ ኩሽኔታውን አጥብቀው ዘጉት። ዛሬ ዲፈረንሻሉ ምንም አይጮህም።

ሁለተኛው ትልቅ ሥራ ሻንሲው ነው። መኪናዋ ወደ እኔ ከመምጣቷ በፊት አንድ ሰው የተሰነጠቀ ሻንሲ ላይ ወፍራም ላሜራ ለጥፎ በይዶበት ነበር። ከላይ ሲታይ ጠንካራ ይመስላል። ጋሼ በመዶሻ ነካ ነካ አደረጉና "ሥሩ ክፍት ነው" አሉ። ላሜራውን ሲፈቱት ስንጥቁ ከሥር ረዝሞ ቀጥሏል። የብየዳው ጠርዝ ቀጥ ብሎ ሻንሲውን ያቋርጣል፤ ጫናው ሁሉ እዚያች መስመር ላይ ይከማቻል። የሠሩት እንዲህ ነው፦ የስንጥቁ መጨረሻ ላይ ትንሽ ቀዳዳ በሱ፣ ከዚያ ወዲያ እንዳይሮጥ። ስንጥቁን በግራይንደር እስከ ሥሩ ከፈቱና ሞሉት። በላዩ የሚመጣውን ላሜራ ደግሞ ጫፎቹን አሹለው ቆረጡት፣ ጫናው ቀስ በቀስ እንዲከፋፈል። እውነቱን ለመናገር ያንን ላሜራ ማየት ደስ ይላል። ቀለም ልቀባው እጄ አመነታ።

ብየዳ ላይ የሚያደርጉትን ጥንቃቄ ልንገራችሁ፤ ብዙዎቻችን ቤት ውስጥ ስለምንበይድ ይጠቅማል። ከመጀመራቸው በፊት የባትሪውን ገመድ ይፈታሉ። የማሽኑን መሬት ገመድ ከሚበየደው ቦታ አጠገብ ያስራሉ፣ ኤሌክትሪኩ በኩሽኔታ ውስጥ አልፎ እንዳያበላሸው። ዚንክ የተቀባ ብረት ከሆነ ቀለሙን ልጠው ያነሳሉ፤ ጭሱ ትኩሳት ያስይዛል። የምንበይደውን ክፍል በፍሬን ማጽጃ ልጠርግ ስል እጄን ያዙኝ። ክሎሪን ያለበት ማጽጃ በብየዳ ሙቀት ፎስጂን የሚባል መርዘኛ ጋዝ ይሆናል። ይህን የማያውቅ ስንት ሰው አለ! አክስል ላይ ሲበይዱም አንድ ወገን ጀምረው አይጨርሱም። እዚህ ትንሽ፣ በሌላው ወገን ትንሽ፣ ከዚያ ይቀዘቅዛል። ሙቀቱ ካየለ አክስሉ ይጣመማል፣ ጎማዎቹም ቀጥ ብለው አይቆሙም።

ከሁሉ ጊዜ የወሰደውና እኔ በጣም የወደድኩት ግን የሙከራው ሥራ ነው። ምንም ነገር ለመጨረሻ ከመታሰሩ በፊት መኪናዋን በጠንካራ ማቆሚያዎች ላይ አስቀመጡ። ሾክ አብዞርበሮቹን ፈቱ። ከዚያ አንዱን ጎማ በክሪክ እስከ ጥግ ወደ ላይ፣ ሌላውን እስከ ጥግ ወደ ታች አደረጉ። መሪውን ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ። በእያንዳንዱ ቦታ ቆመው ያያሉ። ጎማው ምን ይነካል? የፍሬን ቱቦው ይወጠራል? ትራንስሚሽኑ (ዙሩን ወደ አክስሉ የሚያደርሰው ዘንግ) ከቦታው ይወጣል? ክሮቼራው (የዘንጉ መታጠፊያ መገጣጠሚያ) ይጣበቃል? አንደኛው የፊት የፍሬን ቱቦ አጭር ሆኖ ተገኘ። ያ ቱቦ ቋጥኝ ላይ ቢበጠስ ፍሬን የለም። ረጅም ቱቦ ተገዛ። ጎማው የሚነካውን ቆርቆሮ ቆረጥን፤ አክስሉ ወደ ላይ ሲመጣ የሚያርፍበት ከላስቲክ የተሠራ ማረፊያም አስገቡ። የሾክ አብዞርበሩ ርዝመት የተመረጠው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ብዙ ሰው መጀመሪያ ሾክ ይገዛል፣ ከዚያ መኪናውን ለሾኩ ያመቻቻል።

እምቢ ያሉኝም ነገር አለ። የዚህች ሃይሉክስ መሪ ከፊት ወደ ኋላ በሚገፋና በሚጎትት ዘንግ ነው የሚሠራው። ባሌስትራው ሲታጠፍ ጎማው ራሱ ይዞራል፣ መሪው ከእጅ ይፈተለካል። ዘንጉን ከአክስሉ በላይ ወደ ጎን የሚሄድ ማድረግ ነበረብን። እኔ ያለውን ዘንግ ቆርጠን እንበይደው አልኩ። ጋሼ ራሳቸውን ነቀነቁ። "ልጄ፣ መሪ ላይ ብየዳ የለም። ሌላ ሰው ይሠራልህ ይሆናል፣ እኔ ግን አልሠራም።" ለዚሁ ተብሎ የተሠራ ሙሉ ዕቃ አስገዙኝ፤ የሚያስከፍሉኝ ብየዳ ቀረ ማለት ነው። ገንዘብ የሚያገኙበትን ሥራ እምቢ የሚል ባለሙያ ሳይ አምነዋለሁ።

መኪናዋ ብትገለበጥ ውስጥ ያለውን ሰው የሚከላከለው የቧንቧ ማዕቀፍ ላይም እንዲሁ ነበሩ። የውሃ ቧንቧ አይነኩም። ውጩ 44 ሚሊሜትር፣ ውፍረቱ 3 ሚሊሜትር ገደማ የሆነ ለዚሁ ሥራ የሚያገለግል ቧንቧ አስመጡ። እግሮቹንም ቆርቆሮ ላይ ሳይሆን ሻንሲው ላይ አሰሩት።

ዲፈረንሻሉን ስለ መቆለፍ፣ ማለትም ሁለቱ ጎማዎች እኩል እንዲዞሩ ስለ ማድረግ፣ አጭር ነገር። ውስጡን በይዶ መቆለፍ ርካሽ ነው፤ ግን አስፋልት ላይ ስትዞር ሁለቱ ጎማዎች እኩል መሄድ ስለማይችሉ ይፋጫሉ፣ የጎማ ዘንጉም ይጠማዘዛል። መኪናዋ መንገድ ላይም ስለምትሄድ ጋሼ በአየር የሚቆለፈውን መረጡ። የፊቱን ሲገጥሙ አንድ ምክር ሰጡኝ፦ ፊት ተቆልፎ፣ ጎማ እስከ ጥግ ዞሮ ነዳጅ አትስጥ። የፊት መገጣጠሚያው የሚሰበረው ያኔ ነው። መሪውን መልስ፣ ከዚያ ስጥ። የጎማ አየርም በቁጥር ነገሩኝ። ቸርኬው ጎማውን የሚቆልፍ ዓይነት ስላልሆነ ከ10 ፒኤስአይ (የጎማ አየር ግፊት መለኪያ) በታች እንዳልወርድ፣ አለበለዚያ ጎማው ከቸርኬው ይወጣል።

እንከን የላቸውም ወይ? አላቸው። ቀጠሮ ላይ ሥራ ይበዛባቸዋል፣ ረጅም ጊዜ ትጠብቃላችሁ። ሲሠሩ ስልክ አያነሱም። ሲናገሩም ቆጥበው ነው፤ ገር ቃል የሚፈልግ ሰው ሊከፋው ይችላል። ዋጋቸው ግን ከመጀመራቸው በፊት ይነገራል። መሃል ላይ ያልታየ ብልሽት ከተገኘም ሥራውን አቁመው፣ አሳይተው፣ ፈቃድ ጠይቀው ነው የሚቀጥሉት። የፈቱትን አሮጌ ዕቃ ሁሉ በካርቶን ያስረክባሉ። ጋሼ፣ ይህን ካነበቡት፦ እጅዎ ይባረክ። ለእኔ ያሳዩት ትዕግሥት ከሥራዎ በላይ ነው።

ልትጠሯቸው ካሰባችሁ መኪናውን አጥባችሁ ጠብቁ፤ ጭቃና ቅባት ያለበት ሻንሲ ላይ አይበይዱም። ቢያንስ አራት ጠንካራ ማቆሚያ ይኑራችሁ፤ በክሪክ ብቻ የቆመ መኪና ሥር አይገቡም። የማርሹን ቁጥር፣ የጎማውን መጠንና መኪናው ለምን እንደሚፈለግ ጽፋችሁ ያዙ፤ መጀመሪያ የሚጠይቁት ይህንኑ ነው። አውቶማቲክ ካምቢዮና የኤሌክትሪክ ሥራ ግን አይነኩም። ለእሱ ሌላ ሰው ፈልጉ፣ ደህና ባለሙያ የምታውቁ ካላችሁም ለእኔም ጠቁሙኝ።