የመምህራንን ሎድ (የሥራ ጫና) የሚያሰላ ሶፍትዌር፦ ሁለት ዓመት ከተጠቀምኩበት በኋላ

“ሎድህ ስንት ነው?” ሲሉኝ ለዓመታት የምመልሰው የክፍል ሰዓቴን ብቻ ነበር። “12 ክሬዲት አወር” እላለሁ፣ በቃ። ዝግጅቱ፣ እርማቱ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ ማማከሩ፣ ኮሚቴው ሁሉ ከዚያ ቁጥር ውጭ ነው። የምሠራበት ዩኒቨርሲቲ ከሁለት ዓመት በፊት ይህን ሁሉ በሰዓት የሚደምር ሶፍትዌር ሲገዛ ከልቤ ነው ደስ ያለኝ። ስሙን አልጠራም። የዚህ ዓይነት ሲስተሞች አሠራራቸው ተቀራራቢ ስለሆነ፣ እናንተም ጋ ሊመጣ ላለው ይጠቅማል ብዬ ነው የምጽፈው።

አሠራሩ ቀላል ነው። የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ኮርሶቹን ይመድባል። ሲስተሙ እያንዳንዱን የክፍል ሰዓት ለዝግጅትና ለእርማት ብሎ በሆነ ቁጥር ያባዛዋል። ማማከር፣ ምርምርና ኮሚቴ ይደመሩበትና ዓመታዊ ሰዓታችሁ ይወጣል። ከተቀመጠው ጣሪያ ካለፈ ቀይ ይሆናል።

ከጥሩው ልጀምር። የሁላችንም ድምር በአንድ ገጽ ላይ ጎን ለጎን ይታያል። ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ከዚያ በፊት ኮርስ የሚከፋፈለው ኮሪደር ላይ በወሬ ነበር፤ እምቢ ማለት የሚከብደው ሰው ላይ ይጫናል፣ ጮክ ብሎ የሚናገር ይቀልለታል። ገጹ መጀመሪያ የተከፈተ ቀን አንዲት የሥራ ባልደረባችን ከዝቅተኛው ሰው አንድ ተኩል እጥፍ ተሸክማ ስትሠራ እንደነበር ሁላችንም አየን። እሷ ራሷ አታውቅም ነበር። በሚቀጥለው ሴሚስተር አንድ ኮርስ ተነሳላት። ለእኔ ሶፍትዌሩ ዋጋውን ያወጣው ያኔ ነው።

አሁን ወደ ቅሬታው። በዚያው ዓመት 140 ተማሪዎች ያሉት ኮርስ ነበረኝ። ሁለት አሳይመንትና አንድ የመጨረሻ ፈተና። ለእያንዳንዱ ወረቀት 15 ደቂቃ ብትይዙ፣ እርማቱ ብቻ 105 ሰዓት ነው። ሲስተሙ የሰጠኝ 40 ሰዓት! 30 ተማሪ ለሚያስተምረው ጓደኛዬም ያው 40 ነው የተመዘገበው፤ ምክንያቱም የተማሪ ብዛት የሚባል ነገር ስሌቱ ውስጥ የለም። ኮርሱን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያስተምርና ለአምስተኛ ጊዜ የሚያስተምር ሰውም እኩል የዝግጅት ሰዓት ያገኛሉ። ድጋሚ ፈተና ማውጣትና ማረም ደግሞ ጭራሽ ቦታ የለውም።

ተናድጄ ለኩባንያው የደንበኞች አገልግሎት ጻፍኩ። መልሳቸው በማግስቱ መጣ፣ እውነትም ነበር። “ማባዣውን የምናስገባው ከቅጥር ውላችሁ ነው፤ ውላችሁ ላይ ስላልተጻፈ በግምት ሞላነው” አሉኝ። ውሌን አውጥቼ አነበብኩት። ከፈረምኩት ወዲህ አንብቤው አላውቅም ነበር። በሳምንት 40 ሰዓት ይላል። ቀጥሎ “የማስተማር፣ የምርምርና ሌሎች በኃላፊው የሚሰጡ ተግባራትን ያከናውናል” ይላል። የክፍል ሰዓት ጣሪያ የለም። ዓመታዊ ድምር የለም። ያቺ “ሌሎች” የምትል ቃል ምን ያህል ሰዓት እንደምትይዝ የተጻፈ ነገር የለም።

ጣሪያ መጻፍ ግን አዲስ ነገር አይደለም። በእንግሊዝ ከ1992 እ.ኤ.አ. ወዲህ ዩኒቨርሲቲ በሆኑት ተቋማት የሚሠራበት የመምህራን ውል የማስተማሪያ ሰዓትን በሳምንት 18፣ በዓመት 550 ላይ ይገድባል። የአሜሪካ የዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰሮች ማኅበር ደግሞ በ1969 እ.ኤ.አ. ባወጣው መግለጫ ለመጀመሪያ ዲግሪ ትምህርት ከፍተኛው በሳምንት 12 ሰዓት እንዲሆን፣ የሚመረጠው ግን 9 እንደሆነ አስቀምጧል። የእኔን ልብ የነካው ሌላው ሐሳቡ ነው፦ በአንድ የትምህርት ዘመን ለየብቻ ዝግጅት የሚጠይቁ ኮርሶች ከስድስት መብለጥ የለባቸውም። አንድን ኮርስ ለሦስት ክፍል ማስተማርና ሦስት የተለያዩ ኮርሶችን ማስተማር በክፍል ሰዓት እኩል ናቸው፣ በሥራ ግን የትና የት! ይህን ለይቶ የሚቆጥር ውል ያየሁት ጥቂት ነው።

ዩኔስኮም በ1997 እ.ኤ.አ. ስለ ከፍተኛ ትምህርት መምህራን ባጸደቀው ምክረ ሐሳብ የሥራ ጫና ፍትሐዊ እንዲሆን፣ ከመደበኛው በላይ ለሚያስተምር በደመወዝ እንዲታሰብለት፣ ጫናውም ከመምህራኑ ማኅበራት ጋር በድርድር እንዲወሰን ይላል። የአውሮፓ የክሬዲት ሥርዓት አንድ ክሬዲት ለተማሪው ከ25 እስከ 30 ሰዓት ሥራ ነው ብሎ ይተምናል። የተማሪው ሰዓት እንዲህ በቁጥር ከተጻፈ የመምህሩ የማይጻፍበት ምክንያት አይታየኝም።

እኛ ያደረግነው ይሄን ነው። ከማኅበራችን ጋር ሆነን ከውሉ ጋር የሚያያዝ ሁለት ገጽ አባሪ አዘጋጀን። ድርድሩ አንድ ሴሚስተር ፈጀ። የዝግጅት ማባዣው ለአዲስ ኮርስና ለተለመደ ኮርስ ተለያየ። እርማት በተማሪ ቁጥር እንዲሰላ ሆነ። ለእያንዳንዱ ተመካሪ ተማሪ በዓመት የተወሰነ ሰዓት ተያዘ። ድምሩ ካለፈ ወይ ይከፈላል ወይ በቀጣዩ ሴሚስተር ይቀነሳል፤ የሚመርጠውም መምህሩ ነው፣ በጽሑፍ፣ ትምህርት ከመጀመሩ በፊት። ዓመታዊ ድምርና ሳምንታዊ ጣሪያ ሁለቱም እንዲኖሩ የተከራከርነው አውቀን ነው። ዓመታዊው ብቻ ከሆነ በፈተና ወቅት 60 ሰዓት ሠርታችሁ “በክረምት ይካካሳል” ትባላላችሁ።

ኩባንያው አባሪውን ተቀብሎ በአራት ቀን ውስጥ አስገባልን፣ ተጨማሪ ክፍያም አልጠየቀም። በዚህ ላመሰግናቸው እወዳለሁ። አሁን የእኔ 140 ተማሪዎች እንደ 140 ይቆጠራሉ።

ከ5 ኮከብ 3 እሰጠዋለሁ። ልትገዙ ካሰባችሁ ማባዣዎቹን መጀመሪያ በውላችሁ ላይ አጽፉ፣ ከዚያ ሻጩን አነጋግሩ። ባዶ ውል ይዛችሁ ከሄዳችሁ የሌላ ሰው ግምት በእናንተ ስም ይመዘገባል፣ ቁጥሩ ኮምፒውተር ላይ ስለወጣ ደግሞ መከራከር ይከብዳል።

ሁለቱን ኮከብ የቀነስኩት በስልክ ሲከፈት ስለሚንቀራፈፍ አይደለም፣ እሱ ይቻላል። ሲስተሙ ከወሊድ ፈቃድ ለተመለሰች መምህርት በፈቃድ ላይ የነበረችበትን ጊዜ “ያልተሞላ ሰዓት” ብሎ ስላሳያት ነው። ኃላፊው ቁጥሩን አምኖ ተጨማሪ ኮርስ መደበባት፤ ጨቅላ ልጅ ይዛ ሁለት ሳምንት ካስተማረች በኋላ ነው የተነሳላት። ኩባንያው ካወቀ ስምንት ወር ሆኖታል። እስካሁን ፈቃድ የወጣ ሰው ሲኖር ሰዓቱን የምናስተካክለው በእጃችን ነው።