ባለ 50 ሚሊሜትር ስማርት ቴሌስኮፕ ለኤክሶፕላኔት ልኬት፦ ከ8 ወር አገልግሎት በኋላ

ብዥታ እንዳይፈጠር፣ ይህ በስልክ አፕ የሚታዘዝ ቴሌስኮፕ የሌላ ኮከብ ፕላኔት (ኤክሶፕላኔት) አያሳይም። የሚመዘግበው ፕላኔቷ በኮከቧ ፊት ስታልፍ፣ ማለትም በትራንዚት ጊዜ፣ ኮከቡ ምን ያህል እንደደበዘዘ ነው። ጁፒተርን የምታክል ፕላኔት ፀሐይን ከሚያክል ኮከብ ላይ የምትጋርደው ብርሃን 1 በመቶ ገደማ ነው፤ መሬትን የምታክል ከሆነች 0.008 በመቶ። ስለዚህ በዚህ ሌንስ የሚታደኑት ከኮከባቸው አንጻር ግዙፍ የሆኑት ብቻ ናቸው። የሌንሱ ማነስ ግን ተስፋ አያስቆርጥም። በ1999 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያው ትራንዚት፣ የኤችዲ 209458 ቢ፣ ሲመዘገብ ከተሠራባቸው መሣሪያዎች አንዱ 10 ሴንቲሜትር ስፋት ብቻ ነበረው።

ሌንሱ 50 ሚሜ ስፋትና 250 ሚሜ የትኩረት ርቀት አለው። ሴንሰሩ ባለቀለም አይኤምኤክስ462 ነው፣ 1,920 በ1,080 ፒክስል። አንዱ ፒክስል 2.4 አርክሰከንድ (አንድ አርክሰከንድ የዲግሪ 1/3,600 ነው) ሰማይ ይሸፍናል፤ ጠቅላላ እይታው 1.27 በ0.71 ዲግሪ ነው። የስምንቱ ወር ፍርድ ባጭሩ ይህ ነው፦ ለቆንጆ ፎቶ ተብሎ የተገጠመለት ራስ-ሰር ነገር ሁሉ ልኬትን ያበላሻል። አንድ በአንድ ሲጠፋ ግን ከመጠኑ በላይ ይሠራል።

መጀመሪያ የሚጠፋው የምስል መደራረብ ነው። አፑ ፍሬሞቹን፣ ማለትም በተከታታይ የሚነሱትን ነጠላ ፎቶዎች፣ ደራርቦ አንድ ንጹህ ምስል ይሰጣል፤ በዚያ ምስል ውስጥ ግን የ4 ሰዓት ታሪክ ተጨፍልቆ ጠፍቷል። ከሴቲንግ ውስጥ እያንዳንዱን ፍሬም በፊትስ (ለሥነ ፈለክ ልኬት በሚያገለግል የምስል ዓይነት) ፋይል የማስቀመጥ ምርጫ መብራት አለበት፤ ሲገዛ ጠፍቶ ነው የሚመጣው። ኖይዝ ማጥፊያውም አብሮ ይዘጋ። አንድ ፍሬም 4 ሜጋባይት ያህል ስለሆነ የ10 ሰከንድ ፍሬሞች ለ4 ሰዓት ሲነሱ እስከ 6 ጊጋባይት ይደርሳሉ። ቦታው መኖሩን ከመጀመር በፊት ማየት ነው።

ቀጥሎ ፎከስ፤ አብዛኛው ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። ኤችዲ 189733 ቢ የተባለችው ፕላኔት ለዚህ መሣሪያ የተሠራች ትመስላለች። ኮከቧ ማግኒትዩድ (የድምቀት መለኪያ፤ ቁጥሩ ሲያንስ ኮከቡ ይደምቃል) 7.7 ነው፣ ድብዘዛው 2.4 በመቶ፣ ትራንዚቱ 1 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ገደማ፣ ድግግሞሹ በየ2.2 ቀን። ኤም27 ኔቡላ (የጋዝ ደመና) ሩብ ዲግሪ ብቻ ስለሚርቅ በዚያው ፍሬም ውስጥ ቁጭ ይላል፤ ለዓይን ድግስ ነው፣ ለልኬቱ ግን ጥቅሙም ጉዳቱም ኢምንት ነው። ችግሩ ሌላ ነው። አፑ ከ10 ሰከንድ ያነሰ ኤክስፖዠር አይፈቅድም፤ በጌይን (የሴንሰሩ ምልክት ማጉያ መጠን) 80 ፎከሱ ስል ሲሆን የኮከቡ መካከለኛ ፒክስሎች ጢም ብለው ይሞላሉ። ሞልቶ ከሚፈስ ባልዲ ላይ የሚገባው ውሃ በ2.4 በመቶ ቢቀንስ ባልዲው ያው ሙሉ ነው። በኩርባው፣ ማለትም የኮከቡ ብርሃን በጊዜ ሂደት ሲለዋወጥ በሚያሳየው ግራፍ፣ ላይ የሚታየው ድብዘዛ ከእውነተኛው ያነሰ ይሆናል፣ አንዳንዴም ጭራሽ ይጠፋል።

መፍትሔው ፎከሱን ሆን ብሎ ማበላሸት ነው። አንድ ጊዜ አውቶፎከስ ይደረግና ከዚያ በእጅ ትንሽ በትንሽ እየተገፋ ኮከቡ ከ5 እስከ 6 ፒክስል እስኪሰፋ ይጠበቃል። አንድ ፍሬም ተከፍቶ ከፍተኛው የፒክስል ዋጋ ይታያል፤ ጣሪያው 65,535 ስለሆነ ከ45,000 በታች ቢሆን ይመረጣል። ኮከቡ ገና ዝቅ ብሎ ሳለ 45,000 ከነካ ከፍ ሲል ስለሚደምቅ ያልፋል፤ ያኔ ትንሽ ተጨማሪ ማስፋት ነው። ሰፋ ማለቱ ሌላም ትርፍ አለው። በባለቀለም ሴንሰር ላይ የተጠበበ ኮከብ ከአረንጓዴ ፒክስል ወደ ቀይ በተንሸራተተ ቁጥር ዋጋው ይዘላል፤ ሲሰፋ ግን መዝለሉ ይረግባል። ከልክ በላይ ከሰፋ ደግሞ ሶፍትዌሩ ኮከቦቹን መለየት ያቅተውና ፍሬሞቹን ይጥላል። አንዴ ከተስተካከለ በኋላ በትራንዚቱ መሃል አውቶፎከስ አይነካም። ከተነካ ኩርባው ላይ ደረጃ ይፈጠራል፣ ያንን ደረጃ በኋላ በሶፍትዌር በአስተማማኝ ሁኔታ ማስተካከል ይከብዳል።

መከታተያው ወደ ጎንና ወደ ላይ ብቻ ስለሚንቀሳቀስ ሰማዩ በፍሬሙ ውስጥ ቀስ እያለ ይዞራል። ጥግ ላይ ያለች ማነጻጸሪያ ኮከብ (የዋናው ኮከብ ብርሃን የሚወዳደርባት) ከሁለት ሰዓት በኋላ ከፍሬም ልትወጣ ትችላለች። ኮከቡ በአናት ሲያልፍ ደግሞ መከታተያው ይደናገራል፣ ፍሬሞችም በተከታታይ ይጣላሉ። ኢኳቶሪያል ሞዱ፣ ማለትም መከታተያው ከምድር ዛቢያ ጋር ትይዩ በሆነ ዘንግ የሚዞርበት፣ ይህን ሁሉ ይፈታል፤ ለዚህም ቴሌስኮፑን በቦታው ኬክሮስ ልክ ማጋደል ያስፈልጋል። ለምድር ወገብ በቀረበ ቦታ ወደ ጎን ሊተኛ ምንም አይቀረውም፤ አብሮ የሚመጣው ትንሽ ትራይፖድ አይችለውም፣ ከባድና እግሩ ሰፊ የሆነ ይፈለግ።

የኮከብ መብለጭለጭ ከማንም እጅ ውጭ ነው፣ መጠኑን ማወቅ ግን ይጠቅማል። በባሕር ወለል ከፍታ፣ በ50 ሚሜ ሌንስና በ10 ሰከንድ ፍሬም፣ አናት ላይ ያለ ኮከብ በመብለጭለጭ ብቻ 0.7 በመቶ ያህል ይዋዥቃል። ከአድማስ 30 ዲግሪ ላይ ሲሆን 2.3 በመቶ ይደርሳል፤ ያ ማለት በአንድ ፍሬም ላይ መዋዠቁ የፕላኔቷን ድብዘዛ አከለ ማለት ነው። 12 ፍሬም (2 ደቂቃ) ሲማከል አናት ላይ ወደ 0.2፣ 30 ዲግሪ ላይ ወደ 0.7 በመቶ ይወርዳል። ትራንዚቱ ሙሉ በሙሉ ከ40 ዲግሪ በላይ የሚያልፍበትን ምሽት መምረጥ ከማንኛውም ተጨማሪ ዕቃ ይሻላል።

ምዝገባው ትራንዚቱ ከመጀመሩ 1 ሰዓት ቀድሞ ይጀመርና ካበቃ 1 ሰዓት በኋላ ይቆማል። ይህን መቁረጥ የሚያጓጓ ቢሆንም ዋጋ ያስከፍላል። ኤችዲ 189733 ራሱ ነጠብጣባም ኮከብ ነው፣ በ12 ቀን ገደማ አንዴ ይዞራል፣ ብርሃኑም በራሱ ያዘነብላል። ብርቱካናማ ስለሆነም ከሰማያዊ ማነጻጸሪያ ኮከብ ጋር ሲወዳደር ከፍ ዝቅ ባለ ቁጥር አየሩ ሁለቱን እኩል አይቀንሳቸውም። እነዚህን ዝንባሌዎች መቀነስ የሚቻለው ከትራንዚቱ በፊትና በኋላ ጠፍጣፋ መስመር ሲኖር ነው።

ለሂሳቡ አስትሮኢሜጅጄ የተባለው የኮከብ ብርሃን መለኪያ ሶፍትዌር ይበቃል፣ በነጻ ይገኛል። አረንጓዴው ቻናል ብቻ ይወጣል፤ የመለኪያው ክብ ራዲየስ ከ8 እስከ 10 ፒክስል፣ የሰማይ ቀለበቱ (በኮከቡ ዙሪያ የባዶ ሰማይ ብርሃን የሚለካበት) ከ15 እስከ 25፤ ማነጻጸሪያ ኮከቦች ከ3 እስከ 5። አንደኛው ማነጻጸሪያ ራሱ ተለዋዋጭ ኮከብ ሆኖ መገኘቱ የተለመደ ነው፤ እያንዳንዱን ለብቻው በሌሎቹ መለካትና የሚወዛወዘውን ማስወጣት ነው።

ሰዓቱ ላይ ቸልታ አይሠራም። ቴሌስኮፑ ሰዓቱን ከስልኩ ስለሚወስድ ስልኩ ከኔትወርክ ጋር የተናበበ ይሁን። በፋይሉ ላይ የሚጻፈው ፍሬሙ የተጀመረበት ሰዓት በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መደበኛ ሰዓት) ከሆነ፣ የፍሬሙን መካከል ለማግኘት 5 ሰከንድ ተደምሮ ወደ ባሪሴንትሪክ ጊዜ፣ ማለትም ከፀሐይ ሥርዓት የክብደት ማዕከል አንጻር ወደሚቆጠር ሰዓት፣ ይቀየራል። ይህ ካልተደረገ መሬት በምህዋሯ ባለችበት ቦታ የተነሳ እስከ 8 ደቂቃ፣ በባሪሴንትሪክ ጊዜና በዩቲሲ አቆጣጠር መካከል ባለው ልዩነት ደግሞ 69 ሰከንድ ስህተት ይገባል። ከአማተሮች ውጤቱን የሚቀበሉት ፕሮጀክቶች፣ ኤክሶክሎክና የናሳው ኤክሶፕላኔት ዎች፣ የሚፈልጉት በዋናነት የትራንዚቱን መካከለኛ ሰዓት ስለሆነ ሰዓቱ የተሳሳተ ኩርባ ምንም ያህል ቢያምር አይጠቅማቸውም።

አቅሙ የሚያልቀው ማግኒትዩድ 11 አካባቢ ነው። ሃት-ፒ-32 ቢ (11.3፣ ድብዘዛ 2.2 በመቶ) ነጥቦቹ በ5 ደቂቃ ሲማከሉ ትወጣለች፣ መግቢያና መውጫዋ ግን በግልጽ አይለይም። ዋስፕ-43 ቢ (12.4) ድብዘዛዋ 2.5 በመቶ ቢሆንም የትራንዚቱ ጊዜ ከ1 ሰዓት ብዙ ስለማይበልጥ በቂ ነጥብ አይሰበሰብም፤ ለእሷ ቢያንስ 100 ሚሜ ሌንስ፣ ማለትም 4 እጥፍ ብርሃን ያስፈልጋል።

ከስምንት ወር በኋላ ዕቃው ራሱ ደህና ነው። ባትሪው ለ4 ሰዓት ይበቃል፣ የጤዛ ማሞቂያው ሲበራ ግን ቶሎ ይወርዳል፤ ማሞቂያውን ማጥፋት ደግሞ አይመከርም፣ ሌንሱ ላይ የሚያርፈው ጤዛ ፕላኔት የሌለበትን ድብዘዛ ይሠራል። ፓወር ባንክ የሚሰካ ከሆነ ከመጀመሪያው ፍሬም በፊት ይሰካ፤ በመሃል ሲሰካ የምትፈጠረው ትንሽ ግፊት ኮከቦቹን በአሥር ፒክስል ታንሸራትታለች።