ለዴስክቶፕ ስፒከርና ሳብውፈር፦ የሚኒዲኤስፒ ሳጥን፣ ርካሽ ቦርድ ወይስ ኮምፒውተሩ ራሱ?

ሳብውፈር (ቤዙን፣ ወፍራሙን ድምፅ፣ የሚያወጣ ስፒከር) ገዝተው ከዴስክቶፕ ስፒከራቸው ጋር አልስማማ ያላቸው ሁሉ የሚጠይቁት አንድ ነው፦ የትኛውን ዲኤስፒ (ድምፁን ለስፒከሩና ለሳብውፈሩ የሚከፋፍልና የሚያስተካክል መሣሪያ) ልግዛ? ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ካላችሁ ምንም አትግዙ።

ሚኒዲኤስፒ 2 በ4 ኤችዲ ምርጥ ዕቃ ነው፤ ዋጋው ግን ከ200 ዶላር በላይ ነው። ከሐምሌ 2016 በፊት ዶላር በ57 ብር ሲመነዘር 200 ዶላር 11,400 ብር ነበር። ዛሬ በ130 ብር ብቻ ብታሰሉት እንኳ 26,000 ነው፤ ማጓጓዣና ቀረጥ ገና አልተቆጠረም። ድምፅ የሚቀይረው በዚህ ብር የሚገዛ ሻል ያለ ስፒከር ነው። ሳጥኑ የሚያዋጣው ምንጩ ቴሌቪዥን ከሆነ፣ ኮምፒውተር ሳይከፈት መስማትም ከተፈለገ ነው።

ኤዲኤዩ1701 የሚባል የዲኤስፒ ቺፕ ያለበት ቦርድ ከ10 እስከ 20 ዶላር ይገኛል። ፕሮግራም መጫኛው ለብቻው ይገዛል። በሲግማስቱዲዮ (በቺፑ ማዘጋጃ ፕሮግራም) የሠራችሁት ኢኢፕሮም (መብራት ቢጠፋም የማይረሳው የቦርዱ ማከማቻ) ላይ ካልተጻፈ መብራት በሄደ ቁጥር ይጠፋል፤ ደሴ ላይ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ። የመጻፊያ መከላከያውን ፒን ከግራውንድ አገናኝታችሁ ጻፉ፣ ሰልፍ ቡት ጃምፐሩንም (ቦርዱ ሲበራ ከኢኢፕሮሙ እንዲነሣ የሚያደርገውን ትንሽ መሰኪያ) አስገቡ። በርካሽ የስልክ ቻርጀር ካስነሳችሁት ሲጥ የሚል ድምፅ ስፒከሩ ውስጥ ይገባል። ከኮምፒውተር ጋር የማይገናኝ፣ የመቁረጫ ፍሪኩዌንሲ (የስፒከሩና የሳቡ ድምፅ የሚለያይበት ወሰን) የማይቀበል፣ ግን "ዲኤስፒ" ተብሎ የተጻፈበት ቦርድ ካጋጠማችሁ ግን አትንኩት።

ኢኳላይዘር ኤፒኦ የሚባለው የድምፅ ማስተካከያ ፕሮግራም በነፃ ነው፤ በዊንዶውስ ይሠራል። ብዙ ዴስክቶፕ ከኋላው አረንጓዴ፣ ጥቁርና ብርቱካናማ ጃክ አለው። የዊንዶውስን የድምፅ ማስተካከያ 5.1 (ስድስት ቻናል) አድርጉት፤ ስፒከሩን አረንጓዴው፣ ሳብውፈሩን ብርቱካናማው ላይ ሰኩ። ከብርቱካናማው ሁለት ገመድ ይወጣል፤ አንዱ ሴንተር፣ አንዱ ሳብ ነው፤ ዝም ካለ ቀይሩት።

በኤፒኦ ውስጥ ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። መጀመሪያ የግራና የቀኝን ግማሽ ግማሽ ወደ ሳብ ቻናል ቅዱ። ከዚያ በኋላ ብቻ ስፒከሮቹን ከ80 ኸርዝ በታች፣ ሳቡን ከ80 በላይ ቁረጡ። መጀመሪያ ቆርጣችሁ ከቀዳችሁ ለሳቡ ቤዝ አይደርሰውም። በኦክታቭ ለ24 ዲሲቤል ቁልቁለት (ድምፁ ከወሰኑ ሲያልፍ ለሚቀንስበት ፍጥነት) ኪው (የፊልተሩን ቅርፅ የሚወስነው ቁጥር) 0.707 የሆነ ፊልተር ሁለት ጊዜ ደርድሩ። 6 ዲሲቤል የጨመራችሁበት ቦታ ካለ ፕሪአምፑን (የፕሮግራሙን ጠቅላላ የድምፅ መጠን) በ6 ቀንሱ፤ አለበለዚያ ድምፁ ይሰነጠቃል። ስፒከሮቹ ከሳቡ ይልቅ ለጆሯችሁ በ1 ሜትር ቢቀርቡ እነሱን በ2.9 ሚሊሰከንድ አዘግዩ።

የድምፅ ድራይቨር ሲታደስ ፊልተሩ ሊጠፋ ይችላል፤ የኤፒኦን የመሣሪያ መምረጫ ከፍታችሁ እንደገና ምልክት አድርጉና ኮምፒውተሩን አስነሡ። ማጫወቻ ፕሮግራሙ በአሲዮ (የዊንዶውስን የድምፅ ሥርዓት አልፎ በቀጥታ ወደ ካርዱ በሚሄድ መንገድ) ወይም ካርዱን ለብቻው ይዞ የሚሠራ ከሆነ ፊልተሮቹ ይታለፋሉ።

ሄድፎኑ ከፊት ሲሰካ ቤዙ ከጠፋ የ80 ኸርዙ መቁረጫ ተከትሎታል ማለት ነው። በሪልቴክ (የድምፅ ካርዱ) ማስተካከያው የፊትና የኋላውን ውጤት ለዩ፣ ለሄድፎኑም የራሱን ፊልተር ጻፉለት።

ላፕቶፕ ላላችሁ፦ ደሴ ፒያሳም ሆነ ኮምቦልቻ ስትገዙ "7.1" የሚል ጽሑፍ ያለባት፣ አንድ የድምፅ መውጫ ብቻ ያላት ትንሽ የዩኤስቢ ካርድ አትውሰዱ፤ የምታወጣው ስቴሪዮ ነው። ጃኮቹን ቁጠሩ፤ ለስፒከርና ለሳብ የተለያየ መውጫ ከሌላት መልሷት። ሁለት ርካሽ ካርድ ገዝቶ ማጣመርም አይሆንም፤ ድምፁን የሚያወጡበትን ፍጥነት የሚወስን የየራሳቸው ሰዓት ስላላቸው ሳቡና ስፒከሩ ቀስ በቀስ ይለያያሉ።