ሞንትሪያል ወይስ ኦታዋ? ፈረንሳይኛ ለሚፈራ ተማሪ

ካናዳ በ1969 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ እንግሊዝኛና ፈረንሳይኛ እኩል ናቸው። ወረቀት ላይ ማለቴ ነው። መሬት ላይ እንደየከተማው ይለያያል።

ሞንትሪያል ማክጊል ወይም ኮንኮርዲያ ዩኒቨርሲቲ ከገባህ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው፤ ከግቢ ስትወጣ ግን የመንገዱ የቁም ምልክት እንኳ በፈረንሳይኛ ነው። ሱቅ ውስጥ "ቦንዡር፣ ሃይ" ይሉሃል፣ ወሬው አንተ በመለስክበት ቋንቋ ይቀጥላል። እኔ በተሰባበረ ፈረንሳይኛ ስጀምር ሻጯ ቶሎ ወደ እንግሊዝኛ ታዞርልኝ ነበር፣ ለደግነት ብላ ነው፣ እኔ ግን ሽምቅቅ እላለሁ። ደግሞ ሞንትሪያል ያለችበት ክፍለ ሀገር፣ የኬቤክ፣ ፈረንሳይኛ ሌላ ጣጣ አለው። አዲስ አበባ ስማር "ደዥኔ" ማለት ምሳ ነበር። አንድ የክፍል ልጅ ቅዳሜ ደዥኔ እንብላ ሲለኝ ስድስት ሰዓት ላይ ዘንጬ ደረስኩ፣ እሱ ለካ ቁርስ ማለቱ ነው፣ ከሦስት ሰዓት ጀምሮ ሲጠብቀኝ ቆይቶ ሄዷል። የትርፍ ሰዓት ሥራ ስትፈልግም ያለ ፈረንሳይኛ ምርጫህ ይጠባል።

ኦታዋ ይቀላል። የኦታዋ ዩኒቨርሲቲ ራሱ ባለሁለት ቋንቋ ነው፤ ከቋንቋ ኮርሶችና ከመሳሰሉት በቀር በፈረንሳይኛ በሚሰጥ ኮርስም ቢሆን ፈተናህን በእንግሊዝኛ መጻፍ ትችላለህ። ከተማው ውስጥ እንግሊዝኛው ስለሚበዛ ፈረንሳይኛ ካማረህ ድልድዩን ተሻግረህ ኬቤክ ውስጥ ወዳለችው ከተማ ወደ ጋቲኖ መሄድ ነው። ብዙዎቻችን አንሻገርም።

እኔን ከጠየቃችሁ፣ ቋንቋውን የምር ለሚፈልግ ሞንትሪያል። ውጤቱ ለሚያስጨንቀው፣ በተለይ የመጀመሪያ ዓመት ላይ፣ ኦታዋ።